ሚስማር የሚይዝ ጥርስ

በየሥራ ቦታው እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። ካልሲ ለመግዛት ሰፈር የሚያማክር፣ ፀጉሩን ለመቆረጥ ድምፅ የሚያሰጥ፣ ዝናቡ እየወረደበት ጃንጥላውን ይዘርጋ አይዘርጋ አላፊ አግዳሚውን የሚጠይቅ። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል አንባቢ ካለ፣ ምናልባት ራሱ ነው።

ምክር አይጎድለውም፤ የጎደለው ምክሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። አንዱ ሲመክረው «ልክ ነህ» ይላል። ሌላው ተቃራኒውን ሲመክረው «አንተም ልክ ነህ» ይላል። ከዚያ ሁለቱንም እዚያው ትቶ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እስቲ ደግሞ አንድ ሰው ልጠይቅ» ብሎ ይሄዳል። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያሉት አባቶች ይህን ሰው አላገኙትም። እንቢ አይልማ! መከራ ራሱ ቢመጣ ወንበር ስቦለት ሐሳቡን ይጠይቀዋል።

አናጢው እንዲህ ካለው ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ፀጉሩ እስኪሸብት ሠርቷል። እሱ የእንጨቱን አጽም ያቆማል፤ ጓደኛው፣ ክቡር ሶፋ ሰሪ፣ ስፖንጅና ጨርቅ ያለብሰዋል። አንዱ አጥንት፣ ሌላው ሥጋ። ወርክሾፗ ጠባብ ናት፤ በስተግራ የእንጨት ክምር፣ በስተቀኝ የስፖንጅ ክምር፣ መሀል ላይ ሆዱን ወደ ውስጥ የሳበ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት መንገድ። ኮላው፣ ፍቅፋቂውና ወሬው አንድ ላይ ይሸታሉ።

የሶፋ ሰሪ አሠራር ላላየ እንንገረው። ጥቃቅኗን ሚስማር እፍኝ ሙሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ግራ እጁ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል፤ ቀኝ እጁ መዶሻውን። ምላሱ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ እየለየ ወደ ፊት ጥርሶቹ ይገፋል፤ ጥርሶቹ ነከስ አድርገው ያቀርባሉ፤ መዶሻ በያዘው እጁ ሁለት ጣት ነጠቅ አድርጎ ይመታታል። ለሶፋ ሰሪ ጥርስ ሦስተኛ እጅ ነው።

ለአናጢው ግን የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ሌላ ነበር። አፉ ሚስማር የሞላ ሰው አያወራም።

ጠዋት እስከ ሻይ ሰዓት ክቡርነታቸው ሚስማር ጎርሰው ሲመቱ፣ በወርክሾፗ ላይ ሰላም ይወርድ ነበር። ያ ሰላም የተቋረጠው በአንዲት የተጣመመች ሚስማር ነው። ሶፋ ሰሪው አሮጌ ወንበር ሲፈታ እንጨቱ ውስጥ ተሸጉጣ አስቸገረችው። ፒንሳው ከእግሩ ሥር ነበር፤ ጎንበስ ቢል ያነሳዋል። ግን ጎንበስ ማለት ሰለቸውና ሚስማሯን በፊት ጥርሶቹ ነክሶ ሳበ። በሕይወቱ ማንንም ሳያማክር የወሰነው ውሳኔ ይህ ብቻ ነበር። ሚስማሯ ንቅንቅ አላለችም። ሁለቱ የላይ ጥርሶቹ መጡ። ሰው «በሙያው ጥርሱን የነቀለ» ሲባል ምስጋና ነው፤ የእኛ ሰው ግን ለምስጋናው ማስረጃ በመዳፉ ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ።

ሲመለስ አናጢው መጋዙን አስቀመጠ።

«ምን አለችህ ሐኪሟ?»

«ሦስት መንገድ አለ» አለ ሶፋ ሰሪው። ከአፉ የሚወጣው «ስ» ሁሉ እያፏጨ ነው። «አንደኛው ተነቃይ ነው። ድድ በሚመስል ነገር ላይ ሁለት ጥርስ ለጥፈው ይሰጡሃል። ማታ አውልቀህ ውሃ ውስጥ ታሳድረዋለህ፤ ጠዋት አጥበህ ታደርገዋለህ። የትራስ ልብስ በለው፤ ዚፑን ከፍተህ እንደምታወጣው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ድልድይ ይሉታል። ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርደው ያሳንሷቸውና ቆብ ያለብሷቸዋል። ሁለቱ አዲስ ጥርሶች ከቆቦቹ ጋር አንድ ላይ ተሠርተው መሀል ላይ ይንጠለጠላሉ። አይወልቅም። ሁለት እግር ላይ ጣውላ መጋደም ነው።»

«ሦስተኛው?»

ሶፋ ሰሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብሎን! መንጋጋህ አጥንት ውስጥ ብሎን ይቀብሩልሃል። አጥንቱ ብሎኑን እስኪያቅፈው ወራት ትጠብቃለህ፤ ከዚያ ጥርሱን በላዩ ያስሩልሃል። ዋጋውን ስትሰማ ግን የቀረው ጥርስህም ይነቃነቃል።»

«ብትተወውስ?»

«ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ እየተጋደሙ ይመጣሉ፣ አጥንቱም እየሳሳ ይሄዳል አለችኝ። ባዶ ቦታ ካየ ጥርስም እንደ ሰው ድንበር ይገፋል። ከሦስቱ ሚስማር የሚይዘው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኳት። ‹ጋሼ፣ ጥርስ እኮ ለማኘክ ነው› አለችኝ። ልጅ ናት፤ ሥራ አታውቅም።»

አናጢው ስለ እግርና ስለ ጣውላ፣ ስለ ብሎንና ስለ ክብደት ዕድሜውን ሙሉ ሲያስብ የኖረ ሰው ነው። ሐሳብ ነበረው። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ አፉን ከፈተ። ሶፋ ሰሪው ግን ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እስቲ ደግሞ አንድ ሰው ልጠይቅ» ብሎ ወጣ።

አናጢው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

መጀመሪያ የተጠየቁት ጡረታ የወጡ የባንክ ዘበኛ ናቸው። ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ፊታቸው በሳሙና ተሸፍኖ፣ ምላጩን እየጠበቁ ነበር። ሶፋ ሰሪው ከጎናቸው ቁጭ አለ።

«አባባ፣ የእርስዎ ተነቃይ ነው ይባላል።»

«ማነው ያለህ?»

«ሁሉም። ካላስቸገርኩ ለአፍታ ያውጧት፤ ልያት።»

ሽማግሌው ደግ ናቸው፣ አወጡለት። እሱም እንደ ደንቡ ገለበጣት፤ የሶፋ ጥራት የሚታወቀው ከሥሩ ነውና። በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋት። ወደ መብራቱ ዘቅዝቆ አያት። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ጫማ ቤት እንደገባ ሰው፣ «ልለካት?» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጣለ። ሽማግሌው ባዶ አፋቸውን ከፍተው ያሉት ነገር ለማንም አልገባም፤ ግን ምርቃት አልነበረም።

ቀጥሎ ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ሄደ። ይኼኛው ብሎን ያስተከለ ነው፤ ያስተከለበትን ቀን እንደ ልደት የሚያስብ።

«ጋሼ፣ ከብሎን ሌላ አትስማ» አለው። «እኔ ጎማ ሳስር የምኖር ሰው ነኝ። ብሎኑ ከጠበቀ ምን ይነቀላል?»

«ብዙ ያስጠብቃል ወይ?»

«ለመጀመሪያው ቀጠሮ ስሄድ ሚስቴ አላረገዘችም። ጥርሱ ሲታሰር ልጁን አቅፋ መጣች።»

«ሚስማርስ ይይዛል?»

«ሚስማር ባይኖር ምን እበላ ነበር? አፌ ውስጥ ግን አልከተውም።»

ሶፋ ሰሪው «ልክ ነህ» ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ያገኘው የጎማ ጠጋኙ ደንበኛ አጎቱ በድልድይ እንዴት እንደተደሰቱ ነገረው። «አንተም ልክ ነህ» አለው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩን አዳረሰ። ማን ተነቃይ፣ ማን ድልድይ፣ ማን የወርቅ ቆብ እንዳለው ከእሱ በላይ የሚያውቅ ጠፋ። ሰው እሱን ሲያይ ከንፈሩን ይገጥም ጀመር። ሚስቱ እንኳ ምርር ብሏት ወርክሾፕ ድረስ መጣችና ለአናጢው አቤት አለች። «ወንድሜ፣ ያንተ ጓደኛ ጥርስ እኮ ምክር ቤት ሆነ! ማታ ማታ ቤት ውስጥ ስብሰባ ነው። ለእንግዳ ሻይ ማፍላት ሰለቸኝ። አንተ ምነው ዝም አልክ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ አናጢው፣ ከእንጨቱ ቀና ሳይል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰዎች አናጢው የተናደደው በወሬው ይመስላቸዋል። በእርግጥ ወሬው ነበር፤ ሶፋ ሰሪው አሁን ሚስማሩን በመዳፉ ስለሚይዝ አፉ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። ሥራውም ነበር፤ በመዳፍ የተያዘ ሚስማር ይበተናል፣ የተበተነ ሚስማር ይፈለጋል፣ ከትምህርት ቤት የታዘዙት የመምህራን ክፍል ወንበሮች ደግሞ ትምህርት ሳይጀመር መድረስ አለባቸው። ግን ሌሊት እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነው። ይህ ሰው ጎማ ጠጋኙን ጠየቀ። የጎማ ጠጋኙን ደንበኛ ጠየቀ። አንድ ቀን ውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው አፉን ከፍቶ አሳየ። ከእሱ በክንድ ርቀት ለሚሠራው አናጢ ግን አንድ ቀን፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» አላለም።

በዚያው ሰሞን የትልቁ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ኃላፊ ደወለ። ጥሩ አናጢ ይፈልጋሉ፤ ሥራው ቋሚ ነው፤ ማሽኑ ዘመናዊ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አናጢው ስልኩን በሳቅ ይዘጋ ነበር። አሁን ግን፣ «አስቤ ልንገርዎት» አለ። «ስለ ጥርሱ አንድም ቀን ላልጠየቀኝ ሰው፣ እኔ ምኑ ነኝ?» ብሎ ያስብ ጀመር።

ነገሩን ያፈነዱት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናቸው። ወንበሮቹ የት እንደደረሱ ሊያዩ መጡ። ጥብቅ ሴት ናቸው፤ አንድ የተገላበጠ ወንበር ላይ ድመት ተኝታ ስላዩ ግን ሳቅ አመለጣቸው። ሶፋ ሰሪው ከመዶሻው ቀና አለ። ዓይኑ በራ።

«እመቤት፣ እነዚህ ፊት ያሉት ድልድይ ናቸው አይደል? ወይ ጥበብ! ባለቤትዎ ምን ይላሉ፣ ተስማምቷቸዋል?»

ባለቤታቸው አብረው መጥተዋል። በሩ ላይ ቆመዋል። ስለ ድልድዩ ከትዳራቸው መጀመሪያ አንስቶ ምንም አያውቁም ነበር፤ አሁን አወቁ።

«ወንበሮቹን ትምህርት ሳይጀመር አገኛቸዋለሁ» አሉ ዳይሬክተሯ፣ ከንፈራቸው ሳይከፈት። «ካላገኘኋቸው ሌላ ቦታ አሠራለሁ።» ወጡ። ባለቤታቸው ግን ዞር ዞር እያሉ በአድናቆት ያዩዋቸው ነበር፤ ይህን ያየው አናጢው ብቻ ነው።

አናጢው ሽርጡን ፈታና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ተነስ።»

«የት?»

«ሐኪም ቤት። ዛሬ ትወስናለህ። ካልወሰንክ እኔ ነገ ፋብሪካ ነኝ።»

«የምን ፋብሪካ?»

«ጠርተውኛል።»

ሶፋ ሰሪው መዶሻውን አስቀመጠ። ሚስማር ሳይጎርስ ዝም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው። ኮቱን አነሳ፤ እጅጌው እምቢ አለው፤ አናጢው ይዞ አለበሰው።

በመቆያ ክፍሉ ውስጥ አመሉ ያዘው። ጉንጯ ያበጠ አንዲት ሴት ወዳለችበት ዘንበል ብሎ፣ «እህቴ፣ ካላስቸገርኩ...» ሊል ሲጀምር አናጢው ጉልበቱን ያዝ አደረገው። ተጠሩ።

ወጣቷ ሐኪም መብራቱን አወረደች፣ ትንሿን መስታወት አስገባች፣ ቆየች። ከዚያ ረዳቷን ጠርታ አሳየቻት።

«ጋሼ፣ እነዚህ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ጫፋቸው ላይ ጎድጎድ ብለዋል። በምንድነው?»

«ሚስማር» አለ ሶፋ ሰሪው፣ አፉ እንደተከፈተ።

«ተሸራርፈዋል፤ መሰንጠቅም ጀምረዋል። ድድ ውስጥ ያለው ሥራቸው ግን ደህና ነው።» ጓንቷን አስተካከለች። «ጤነኛ ጥርስ ቢሆኑ ሞርጄ ማሳነስ ያሳዝነኝ ነበር። እነዚህ ግን የሆነው ሆኖ ቆብ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ድልድዩ ሁለቱንም ሥራ ባንድ ላይ ይሠራል። ብሎኑም ይቻላል፤ ፊት ያለው አጥንት ስለሳሳ ግን መጀመሪያ አጥንት መጨመር አለብን፣ ጊዜ ይወስዳል። ተነቃዩ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ግን ድድ እስኪለምደው ያስቸግራል፣ ለዘለቄታውም እንደ ቋሚው አይሆንም። እኔ ነግሬዎታለሁ። የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

ሶፋ ሰሪው ወንበሩ ላይ እንደተንጋለለ ዓይኑን አንከራተተ። ክፍሉ ውስጥ የሚጠየቅ ሰው ተመናምኗል። ረዳቷ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች። ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ፤ አናጢው እዚያ፣ ፍቅፋቂ ቅንድቡ ላይ እንዳለ ቆሟል።

«አንተ ምን ትላለህ?»

አናጢው ደሙ ፈላ። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ውሃ ቆጣሪ አንባቢውን ጠይቀህ! የሽማግሌ ጥርስ ልለካ ብለህ! ሰው ሁሉ አልቆብህ፣ ዓለም ባዶ ስትሆንብህ ነው እኔ ትዝ ያልኩህ?»

«አልገባህም» አለ ሶፋ ሰሪው። ጥርስ በሌለበት በኩል ትንፋሹ ያፏጫል። «እነሱን የጠየቅኩት እኮ ላለመወሰን ነው። ጎማ ጠጋኙ ቢለኝ ባይለኝ ምን ይይዘኛል? አንተን ከጠየቅኩ ግን አለቀ። ያልከውን ነው የማደርገው። መች አድርጌ አላውቅም? ወርክሾፑን ስንከራይ ‹ይሁን› ያልከው አንተ ነህ። ሚስቴን ላግባ ወይ ስልህ ‹አግባ› ያልከኝ አንተ ነህ። መርፌውንም መሞረዱንም ስለፈራሁ ነው ያቆየሁህ። አንተ ዘንድ ከመጣሁ መመለሻ የለኝም።»

ሐኪሟ የማትሰማ ለመምሰል መብራቱን አጥፍታ አበራችው።

አናጢው ስለ እግርና ስለ ጣውላ ያዘጋጀው ረጅም ንግግር ነበረው። ሌሊት ሌሊት ጣሪያ እያየ ያጠናው ነው። ሁሉንም ተወው። ለሐኪሟ ብቻ አንድ ጥያቄ አቀረበ። «እግሮቹ ይሸከማሉ?»

«ሥራቸው አይነቃነቅም።»

«እንግዲያው ድልድዩ።»

«ድልድዩ» አለ ሶፋ ሰሪው፣ ወዲያው። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ። አለቀ።

ሐኪሟ ግን ጣቷን አነሳች። «አንድ ነገር ግን ይወቁ። ከዛሬ ጀምሮ ሚስማር እዚህ አፍ ውስጥ አይገባም። ለዘላለም።»

 የተናገረችው ለጓደኛው ቢሆንም ፍርዱ የተላለፈው በማን ላይ እንደሆነ ለአናጢው ገብቶታል። ሚስማር ከሌለ፣ ከሻይ በፊትም ከሻይ በኋላም፣ እጁ መጋዝ መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ወሬ ነው። 

«ይሁን» አለ።

ሐኪሟ የመጀመሪያውን ሥራ ጨርሳ ጊዜያዊ ጥርስ አልብሳ ስትልከው፣ አናጢው ወርክሾፕ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ማግኔቱን አውጥቶ ስስ ጣውላ ላይ ለጠፈው፤ የቀበቶ ቁራጭ አሰረበት። በግራ እጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ሆነ። ሚስማሮቹ ጭንቅላታቸውን አቁመው፣ እንደ ተግሣጽ የሚጠብቁ ተማሪዎች፣ ተሰልፈው ይቀመጡበታል። ሶፋ ሰሪው አስሮት ሁለት ሦስቴ መታበት።

«እንዲህ ያለ ነገር ካወቅክ ምነው እስከ ዛሬ አልሠራህልኝም?»

አናጢው እንጨት ፍለጋ ጓዳ ገባ። ምን ይበለው? አፍህ ሲሞላ ደስ ይለኝ ነበር ይበለው?

ድልድዩ ተገጠመ፤ ወንበሮቹም ትምህርት ሳይጀመር ደረሱ። ዳይሬክተሯ እያንዳንዱ ላይ ቁጭ ብድግ አሉ፤ እንከን አጡ። ሲወጡ ሶፋ ሰሪው በሙሉ አፉ ፈገግ ብሎ ሸኛቸው። እሳቸውም ጠጋ ብለው፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ድልድይ ነው አይደል? ወይ ጥበብ! ሚስትህ ተስማምቷታል?» አሉትና በግልጽ፣ ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ፣ ሳቁ።

አናጢው ፋብሪካው ድረስ ሄዶ መልስ ሰጠ። በስልክ መንገር ይችል ነበር፤ ግን ማየት ፈለገ። ማሽኖቹ በእርግጥም ዘመናዊ ናቸው። አናጢዎቹ ጆሯቸውን በትልልቅ መሸፈኛ ዘግተው፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከፊቱ የመጣለትን እንጨት ይገፋል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ኃላፊው እየጮኸ፣ «ምን ወሰንክ?» ሲለው፣ አናጢው እየጮኸ፣ «ጆሮዬ አይችለውም!» አለ። ኃላፊው ስለ ማሽኑ ጩኸት መሰለው።

አሁን ሶፋ ሰሪው መነጽር ሊገዛ ነው። የቅርብ ይሁን የሩቅ፣ ወይስ ሁለቱንም የያዘው፣ ሰፈሩ በሁለት ተከፍሏል። የባንክ ዘበኛው ቂማቸውን ረስተው መነጽራቸውን አውሰውታል። ፎቶ አንሺው፣ ወተት አከፋፋዩ፣ የሚስቱ አክስት ተጠይቀዋል። አናጢው ገና አልተጠየቀም። ቅር አይለውም፤ ሰውዬው ገና እየፈራ ነው፣ ሲጨርስ ይመጣል።

ትናንት የኤሌክትሪክ መላጊያው እየጮኸ፣ ሶፋ ሰሪው ሚስማር እየመታ፣ የፋርማሲዋን ባለሙያ እንዴት እንዳማከራት ይተርክ ነበር። ትረካው መሀል ላይ መላጊያው በድንገት ዝም አለ። ሶፋ ሰሪው ቀና ብሎ አየ። አናጢው ማጥፊያውን ተጭኖ፣ ክርኑን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ቆሟል።

«ምነው፣ አሰለቸሁህ እንዴ?»

«ማሽኑ አላሰማ አለኝ» አለ አናጢው። «እና ምን አለችህ?»